የጆሮ ሕመም ታሪክ በሳይንትና በቦረና ደጋ፤ ከብር ኩክ ማውጫ እስከ ኤም አር አይ

በምዕራብ ዓባይ፣ በሰሜን በሽሎ በጥልቅ ገደላቸው የሚያዋስኑት የሳይንትና የቦረና ደጋ፣ ዛሬ አጅባርና መካነ ሰላም የሚባሉት ከተሞች ሳይቆረቆሩበት፣ ገና ቤተ አማራ ተብሎ በሚጠራበት ዘመን፣ በትምህርት የታወቀ አገር ነበር። በዚሁ በሳይንት ምድር የምትገኘውን ተድባበ ማርያምን፣ ከ1533 እስከ 1551 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ገላውዴዎስ አክብረው እንዳደራጇት፣ በጦር ሜዳ ከወደቁም በኋላ በእርስዋ እንደተቀበሩ ታሪክ ይመሰክራል፤ በእርሳቸውም ዘመነ መንግሥት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሁለት ሊቃውንተ ዜማ ተነሥተው፣ የቅዱስ ያሬድ ድጓ በምልክት እንዲዜም ሥርዐት ካበጁለት በኋላ፣ ያንኑ ሥርዐት ለተድባበ ማርያም ካህናት እንዳስተማሩ በዜና መዋዕል ተጽፎ ይገኛል።

ይሁን እንጂ በድጓው ቃል ራስጌ የተቀመጠው ምልክት ለሰማ ሰው ማስታወሻ ነው እንጂ ላልሰማ ሰው መምህር አይደለም። ግዕዙን ከዕዝሉ፣ ዕዝሉንም ከአራራዩ ለይቶ ለማወቅ የሚሻው ደቀ መዝሙር፣ ብዙ ዓመት በሚፈጀው ትምህርቱ ሁሉ በመሪጌታው እግር ሥር ተቀምጦ፣ ድምፁ ሲነሣና ሲወድቅ፣ ሲከብድና ሲቀጥን እየተከተለ፣ የሳተውንም ሰምቶ እያረመ ከመጓዝ በቀር ሌላ መንገድ አልነበረውም፤ ዛሬም የለውም። በዚያው ደጋ በጉርብትና የሚኖረው የሙስሊሙ ልጅም ደረሳ ሆኖ ቁርኣንን በልቡ የሚይዘው ሼኩ የሚያነቡለትን በማዳመጥ ነው፤ ወሎ የታወቀችበት መንዙማም እንዲሁ ከአፍ ወደ ጆሮ ሲወርድ ሲዋረድ ከዚህ ደርሷል። እንግዲህ መጽሐፍ ባልበዛበትና ትምህርት ሁሉ በቃል በሚሰጥበት አገር፣ ጆሮው የደከመበት ልጅ የሚያጣው የጓደኞቹን ጨዋታ ብቻ ሳይሆን የአባቶቹን ዕውቀት በሙሉ ነበርና፣ የጆሮ ሕመም በዚህ ምድር ከቀላል ደዌ ሊቆጠር አይገባውም ነበር። የሆነው ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ «ጆሮው ይፈሳል» የተባለ ልጅ ሲያድግ ይተወዋል እየተባለ ዓመታት ያልፉበት ነበር።

የሕመሙ ጠባይ ራሱ ለዚህ ቸልታ ምክንያት ሆኗል። ጣት ከሚደርስበት ቀዳዳ ማብቂያ ላይ የተወጠረው ስስ ታምቡር ከጀርባው ያለውን ክፍል ይጋርደዋል፤ በዚያ ጠባብ ጓዳ ውስጥ መዶሻ፣ መስፍና እርካብ የሚባሉ፣ በሰው ገላ ካሉት አጥንቶች ሁሉ የሚያንሱ ሦስት አጥንቶች ተያይዘው ድምፅን ከታምቡሩ ተቀብለው ወደ ውስጠኛው ጆሮ ያደርሳሉ። ከጓዳው ወደ ጉሮሮ የሚወርድ ቀጭን ቱቦ ስላለ፣ በደጋው ብርድ ጉንፋን የያዘው ሕፃን ቱቦው ሲያብጥና ሲዘጋ በታምቡሩ ኋላ ፈሳሽ ይጠራቀማል፤ ፈሳሹ ይመግላል፤ መግሉም ታምቡሩን ቀዶ ይወጣል። ሥቃዩ በዚያን ሰዓት ስለሚቀንስ እናት ልጅዋ የዳነ ይመስላታል። በብዙዎች ዘንድ በእርግጥም ቀዳዳው ይደፈናል፤ በአንዳንዶች ግን ፈሳሹ ሳይደርቅ ይኖርና አጥንቶቹን ይበላል፤ ከዚህም የከፋው፣ የታምቡሩ ቆዳ ወደ ውስጥ ተስቦ ገብቶ የሞተ ቆዳ እያጠራቀመ እንደ ከረጢት የሚያድግበት፣ ሐኪሞች ኮሌስትያቶማ የሚሉት ደዌ ነው። ይህ ስሙ እንደ ካንሰር የሚያስፈራ ባይሆንም አጥንትን እየሸረሸረ ሲሄድ የፊትን ጅማት ያሽመደምዳል፤ ከጆሮ ኋላ ባለው አጥንት አልፎም ማጅራት ገትርንና በአንጎል ውስጥ መግል መቋጠርን ያስከትላል። በቀድሞው ዘመን ፊቱ የተጣመመውን ምች መታው ሲሉ፣ በትኩሳት ሲቃዥ የሞተውንም ለሌላ መንፈስ ሲሰጡት፣ የሁለቱም ሥር ከዓመታት በፊት በጆሮ የፈሰሰው መግል ሊሆን እንደሚችል የሚያውቅ አልነበረም።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ግን ለጆሮ ግድ የሌላቸው ሰዎች አልነበሩም። ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር የብር ኩክ ማውጫ ነው። አንጥረኛው የ1780 እ.ኤ.አ. ጽሕፈት ያለበትን፣ ክብደቱ 28 ግራም የሆነውን የማርያ ቴሬዛ ብር አቅልጦ፣ በአንድ ጫፉ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ማንኪያ፣ በሌላው ጫፉ መስቀል ወይም ሌላ ሐረግ ያለው ጌጥ አድርጎ ይሠራዋል፤ ባለቤቷም በማተብዋ ላይ ከመስቀልዋ ጋር አንጠልጥላ ወደ ቤተ ክርስቲያንም ወደ ገበያም ትወጣበታለች። እኔ እስከማውቀው ድረስ ለአንድ ሕዋስ ንጽሕና ብቻ የተሠራ ዕቃ ከመስቀል ጋር በአንድ ክር ተንጠልጥሎ አንገት ላይ መዋል የቻለው በጥቂት አገር ብቻ ነው፤ ይህም ሕዝቡ መስማትን ምን ያህል እንዳከበረ ያሳያል። የአንጥረኞቹም ጥበብ ከዕቃው መጠን በላይ ነው፤ በትንሽ ጣት ርዝመት ላይ የሚያስቀምጡት ክብ፣ ኮከብና ጥልፍልፍ ዛሬ በውጭ አገር ቤተ መዘክሮች መስታወት ውስጥ ተቀምጦ ይታያል። ይሁንና እውነቱ መነገር ስላለበት፣ ይህ ያማረ ዕቃ የሚደርሰው ከታምቡሩ ወዲህ እስካለው ኩክ ድረስ ብቻ ነበር፤ ጠለቅ ብሎ የገባ እንደሆነም ታምቡሩን ሊበሳ ይችላል። ሕመሙ ያለው ከታምቡሩ ወዲያ ነው፤ ወደዚያ የሚደርስ እጅም ዓይንም አልነበረም።

ስለዚህ ሰው ወደ ዕፀዋትና ወደ ጸሎት ዞረ። የጤና አዳም ቅጠል ተጨምቆ፣ ቅቤ ለብ ተደርጎ፣ አንዳንዴም የነጭ ሽንኩርት ጭማቂ በሚታመመው ጆሮ ይንጠባጠብ ነበር፤ ዛሬም ይህ ልማድ ፈጽሞ አልጠፋም። ደብተራው በመጽሐፈ መድኃኒትና በዕፀ ደብዳቤ እየተመራ ሥር ይምሳል፤ ቅጠል ይቀምማል፤ አስማቱንም ይደግማል። የዚህን ዓይነቱን መጽሐፍ ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል እ.ኤ.አ. በ1930 በፓሪስ፣ ፖላንዳዊው ስቴፋን ስትሬልሲንም እ.ኤ.አ. በ1968 በዋርሶ አሳትመው ለዓለም ስላሳወቁ፣ የአገራችን መድኃኒተኞች ሥርዐት ያለው የቀመር ዕውቀት እንደነበራቸው መካድ አይቻልም። ጸበሉም እንዲሁ ተስፋ ነበር፤ ጌታችን መስማት የተሳነውን ሰው ጣቱን በጆሮው አግብቶ እንደፈወሰው በማርቆስ ወንጌል የተጻፈውን የሚሰማ ምእመን፣ ልጁን ይዞ ወደ ጸበል ቢሄድ ሊነቀፍ አይገባውም። ሊነቀፍ የሚገባው ሌላ ልማድ ነው፤ እርሱም ሕፃኑ ጉሮሮውን ባመመው ጊዜ እንጥሉን በምላጭ ማስቆረጥ ነው። ጉሮሮና ጆሮ በቱቦ የተያያዙ ናቸውና ጥንታውያኑ አንዱን ሲያዩ ሌላውን መጠርጠራቸው ከእውነት የራቀ አልነበረም፤ ነገር ግን ምላጩ ያስከተለው ደም መፍሰስና መመረዝ የብዙ ሕፃናትን ሕይወት ቀጥፏል፤ በጆሮው ጓዳ ያለውንም መግል ጠብታ አላጎደለም።

ከሳይንት በበሽሎ በኩል ብዙ ሳይርቅ፣ በመቅደላ አምባ ላይ፣ ሄንሪ ብላንክ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ከ1858 እስከ 1860 ዓ.ም. የዐፄ ቴዎድሮስ እስረኛ ሆኖ ኖሮ ነበር፤ ከተፈታም በኋላ ያየውን በመጽሐፍ ጽፏል። ይህን የማነሣው ዘመኑን ለመመዘን ነው። ይህ ሐኪም በሰንሰለት በተቀመጠበት ጊዜ፣ የታመመን ጆሮ በመስታወት በተመለሰ ብርሃን ለማየት የሚያስችለውን መሣሪያ ጀርመናዊው ፎን ትሮልች በአውሮፓ ካሳወቀ ገና አሥር ዓመት ከመጠነኛ ትርፍ ጋር ነበር፤ በዚያው ዓመት፣ በ1855 እ.ኤ.አ.፣ ሐኪሙ ሪነም ድምፅ በሚሰጥ ሹካ መሰል ብረት የመካከለኛውን ጆሮ የመስማት ጉድለት ከውስጠኛው የሚለይበትን ዘዴ አስተምሮ ነበር። ከጆሮ ኋላ ያለውን አጥንት ሰርስሮ መግሉን የማውጣት ቀዶ ሕክምናም በሥርዐት የቆመው ከመቅደላ ውድቀት አምስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1873 በሐኪሞቹ በሽዋርትሰና በአይዘል ጽሑፍ ነው፤ ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1791 የዴንማርክ ንጉሥ ሐኪም ፎን በርገር በዚሁ ቀዶ ሕክምና ሰበብ ስለሞተ፣ የአውሮፓ ሊቃውንት ለረጅም ዘመን ፈርተው ትተውት ነበር። እንግዲህ የእኛ ደጋ ከሌላው ዓለም እጅግ ወደኋላ ቀርቶ ነበር የሚለው አነጋገር፣ ቢያንስ በዚህ በጆሮ ነገር እስከዚያ ዘመን ድረስ ትክክል አይደለም። ዓለሙ ሁሉ ከታምቡሩ ፊት ቆሞ በግምት ይሠራ ነበር። መራራቁ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው።

ኅቡእ የነበረውን የገላ ውስጥ ወደ ብርሃን ያወጣው የፊዚክስ ሊቁ ሬንትገን ሲሆን፣ ራጅ ብለን የምንጠራውን ጨረር እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 1895 አገኘ። የዓድዋ ጦርነት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ተደርጎ ገና ጥቂት ወራት እንዳለፉት፣ በግንቦት 1896 እ.ኤ.አ.፣ ጁሴፔ አልቫሮ የተባለ የጦር ሐኪም በናፖሊ ከተማ በዚህ ጨረር ከአገራችን ቆስለው በተመለሱ ሁለት የኢጣልያ ወታደሮች ገላ ውስጥ የቀረውን ጥይት ፈለገበት፤ ራጅ ለጦር ቁስለኛ ሲያገለግል ይህ የመጀመሪያው መሆኑን የሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ኢትዮጵያ ወደ ራጅ ታሪክ የገባችው በዚህ መንገድ ነው፤ የራስዋ ቁስለኞች ግን ከዚያ ዕድል አልተካፈሉም። የደሴም ሰው፣ የሳይንትና የቦረና ሕመምተኛ ሁሉ የመጨረሻ ተስፋ የነበረው የአሜሪካ አድቬንቲስት ሚስዮን ያቋቋመው የተፈሪ መኮንን ሆስፒታል፣ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አውሮፕላኖች ደሴን በደበደቡበት ቀን በቦምብ መመታቱን ስናስብ፣ ሕክምና ወደ ምዕራብ ወሎ ደጋ ዘግይቶ የደረሰው በሕዝቡ ስንፍና ብቻ እንዳልሆነ እንረዳለን።

ራጁ ለጆሮ ብዙም አልረዳም። ውስጠኛውን ጆሮ የያዘው አጥንት ከገላ አጥንቶች ሁሉ የጠነከረ ስለሆነ ጥላዎቹ አንዱ በአንዱ ላይ ይደራረባሉ። መግሉን ያሸነፈው ይልቁንም መድኃኒት ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የተስፋፋው ፔኒሲሊን ከጆሮ ኋላ አጥንት መግልና ከማጅራት ገትር የሚሞተውን ሰው ቍጥር እጅግ አሳነሰ። ኮሌስትያቶማው ግን የሞተ ቆዳ ክምችት ነውና ክኒንና መርፌ አይነካውም፤ በቀዶ ሕክምና ካልወጣ አይድንም። በ1971 እ.ኤ.አ. ሃውንስፊልድ ያሳየው ሲቲ ስካን የአጥንቱን መሸርሸር በጥራት ቢገልጥም፣ በተሸረሸረው ጓዳ ውስጥ ያለው ነገር ተራ ፈሳሽ ይሁን፣ የጠባሳ ሥጋ ይሁን፣ ወይስ ራሱ ኮሌስትያቶማው ይሁን፣ ሁሉንም በአንድ ግራጫ ቀለም ያሳየው ነበር። ስለዚህ ሐኪሙ አንድ ጊዜ ቆርጦ ያወጣው ሕመም ተመልሶ በቅሎ እንደሆነ ለማወቅ፣ ከወራት ወይም ከአንድ ዓመት በኋላ ድኖ የተሰፋውን ጆሮ እንደገና ከፍቶ ከማየት በቀር ዘዴ አልነበረውም። ብዙ ሰው ምንም ላይገኝበት ሁለተኛ ጊዜ ተቀደደ።

ይህን ግምት ያስቀረው ኤም አር አይ ነው። መሠረቱ የሕክምና ሳይሆን የፊዚክስ ምርምር ነበር፤ ኢሲዶር ራቢ እ.ኤ.አ. በ1938፣ ብሎክና ፐርሴል በ1946 የአተም አስኳል በማግኔት መካከል ሆኖ ለሬዲዮ ሞገድ እንዴት እንደሚመልስ ካሳዩ በኋላ፣ ላውተርበር በ1973 ከዚያ ምላሽ ሥዕል ማውጣት እንደሚቻል አሳወቀ፤ ዳማዲያን እ.ኤ.አ. ሐምሌ 3 ቀን 1977 የሰውን ደረት አነሣበት፤ ማንስፊልድም ሥዕሉ በፍጥነት የሚነሣበትን ስሌት አበጀ፤ በ2003 የኖቤል ሽልማት ለላውተርበርና ለማንስፊልድ ተሰጠ። የማግኔት ነገር ለአገራችንም ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። አዲስ አበባ በመሬት ማግኔት ወገብ አቅራቢያ የምትገኝ በመሆኗ፣ በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ1957፣ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ተቋቁሞ የመሬትን ማግኔት ሲመዘግብ ኖሯል፤ በሆስፒታል ያለው ባለ 1.5 ቴስላ መሣሪያ ኃይል ከዚያ ከመሬት ማግኔት ከ30,000 እጥፍ በላይ ነው።

አሠራሩን በአጭሩ ላስረዳ። የሰው ሥጋ አብዛኛው ውኃ ስለሆነ፣ በውኃው ውስጥ ያለው የሃይድሮጂን አስኳል በማግኔቱ ይሰለፋል፤ በሬዲዮ ሞገድ ሲነካ ይናወጣል፤ ወደ ስፍራው ሲመለስም የሚሰጠው ምላሽ ሥዕል ይሆናል። ለመካከለኛው ጆሮ የጠቀመው ግን የውኃው መኖር ሳይሆን የውኃው መንቀሳቀስ ነው። በተራ ፈሳሽና በጠባሳ ሥጋ ውስጥ ያለው ውኃ እንደ ልቡ ይዘዋወራል፤ በኮሌስትያቶማው የሞተ ቆዳ ንብርብር ውስጥ ያለው ግን ታግዶ ስለሚቀር፣ መሣሪያው ለውኃ እንቅስቃሴ በተዘጋጀው አነሣሥ ሲያየው ብቻውን ደምቆ ይበራል። በመጀመሪያው አነሣሥ የጆሮው አየርና አጥንት ሥዕሉን ያጣምሙት ስለነበር ትናንሾቹ ይጠፉ ነበር፤ ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ ባሉት ዓመታት በተገኘው በተሻሻለው አነሣሥ ግን ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሚሆነው ሳይቀር ይለያል። በዚህ ምክንያት በብዙ አገር ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ለሚያስፈልገው ብቻ የሚደረግ ሆነ። መግሉ ወደ አንጎል ወይም ወደ ደም ሥሩ ዘልቆ እንደሆነም ከኤም አር አይ የተሻለ የሚነግር የለም። አጥንቱን ግን አያይም፤ መዶሻው፣ መስፉና እርካቡ መበላታቸውን የሚናገረው እስከ ዛሬም ሲቲ ስካኑ ነው፤ መግል የቋጠረ እብጠትም እንደ ኮሌስትያቶማው ሊበራ ስለሚችል ሥዕሉን የሚፈታ የሠለጠነ ሐኪም ካልተገኘ መሣሪያው ብቻውን ዳኛ አይሆንም።

ወደ መሣሪያው የሚገባ ሕመምተኛ ብረታ ብረት ሁሉ ከገላው እንዲያወልቅ ይታዘዛል፤ እናቶቻችን በአንገታቸው የሚያንጠለጥሉት ኩክ ማውጫና መስቀልም ብር በመሆናቸው ማግኔቱ ባይስባቸውም ለጥንቃቄ ይወልቃሉ። መሣሪያው ሲሠራ የሚያሰማው ድምፅ ብርቱ ስለሆነም ለተኛው ሰው የጆሮ መከለያ ይሰጠዋል።

አሁን ወደ አጅባርና ወደ መካነ ሰላም እንመለስ። በቀድሞ ዘመን ከዚህ ደጋ ሕመምተኛን ወደ ደሴ የሚያደርሰው በቅሎና ቃሬዛ ነበር፤ በወሎ ልማድ ቅሬ የሚባለው ማኅበር ለቀብር ብቻ ሳይሆን ሕመምተኛ ለመሸከምም ይጠራ ስለነበር፣ ተሸካሚዎች እየተፈራረቁ ገደሉን ያወጡትና ያወርዱት ነበር። ለዚህ ሁሉ ድካም የሚበቃው ግን የሞት አፋፍ ላይ የደረሰ ሰው እንጂ ጆሮው የሚፈስ ሕፃን አልነበረም። ዛሬ መንገዱ ተሻሽሏል፤ በመካነ ሰላምም ሆስፒታል አለ፤ የከአንገት በላይ ስፔሻሊስትና ኤም አር አይ ግን በአዲስ አበባና በጥቂት ትላልቅ ከተሞች የተወሰኑ ናቸውና፣ የሳይንት ገበሬ ልጁን ለዚያ ምርመራ ሲወስድ ከሕክምናው ዋጋ ይልቅ ጉዞውና ማደሪያው ይከብደዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ግምት፣ በዓለም ጆሮአቸው ለረጅም ጊዜ የሚፈሳቸው ሰዎች ከ65 እስከ 330 ሚሊዮን ይደርሳሉ፤ የሚበዙትም በድሃ አገሮች የሚኖሩ ናቸው። ለእነዚህ ሁሉ ኤም አር አይ ይድረስ ማለት ከንቱ ምኞት ነው፤ ሊደርስ የሚችለውና የሚገባው በእያንዳንዱ ጤና ጣቢያ ታምቡርን የሚያሳይ አነስተኛ ባለ መብራት መሣሪያ፣ እርሱን መጠቀም የሚያውቅ ነርስና የሚንጠባጠበው መድኃኒት ነው። ኤም አር አዩ የሚያስፈልገው በዚያ መብራት ከታዩት መካከል ለተመረጡት ጥቂቶች ነው፤ መጀመሪያ ያላየው ሰው ከሌለ ማንም ወደ እርሱ አይላክም።

ስለዚህ ልመናዬ ለጤና ቢሮ ሹማምንት ብቻ አይደለም። በዚህ ደጋ ልጅን በጆሮው የሚያስተምሩት መሪጌቶችና ሼኮች፣ የዘመናዊውም ትምህርት ቤት መምህራን፣ የልጁን መስማት ከወላጁ ቀድመው የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ዜማው ያለ ምክንያት የሚጠፋበት፣ አንቀጹ ሲነበብለት አንገቱን ወደ አንድ ወገን የሚያዘነብል፣ ጆሮው የሚሸትና ትራሱን የሚያረጥብ ደቀ መዝሙር ወይም ደረሳ ባያችሁ ጊዜ ሰነፍ ነው ብላችሁ አትቅጡት፤ ኩክ ማውጫም ዘይትም እንዳይገባበት ከልክላችሁ፣ ፈሳሹ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ወደ ጤና ጣቢያው ወይም ወደ መካነ ሰላም ሆስፒታል ላኩት።